የጠፈር ድራማ ልጀምር ለሚል ሰው፦ ከአራቱ የቱን?

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ሰሞኑን ጠየቀችኝ። «ስለ ጠፈር የሆነ ተከታታይ ድራማ ልጀምር ነው። ግን ጊዜ የለኝም። አንዱን ብቻ ንገረኝ» አለችኝ። አንዱን ብቻ መንገር አቃተኝ። ለሷ የሚሆናት ለአጎቴ አይሆንም። ለአጎቴ የሆነው ደግሞ ለታናሽ ወንድሜ አልሆነም፤ ከሁለተኛው ክፍል በላይ አልሄደም። ስለዚህ ነገሩን ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው አልኩ።

ምርጫው ከአራት ነው። «ፎር ኦል ማንካይንድ»፣ «ፍሮም ዘ ኧርዝ ቱ ዘ ሙን»፣ «ዘ ራይት ስታፍ» እና «ዘ ኤክስፓንስ»። የመጀመሪያው ታሪክን አጣሞ «እንዲህ ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ሁለቱ የሆነውን የሚተርኩ ናቸው። የመጨረሻው ገና ያልመጣ ዘመን ውስጥ ይገባል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ ናቸው፤ የእኛ ሲሆን እናገራለሁ። መጨረሻ አላበላሽባችሁም። ማን ሞተ፣ ማን አሸነፈ የሚለውን ትቼዋለሁ።

አቋሜን ቀድሜ ልናገር። ከአራቱ ልቤን የወሰደው ፎር ኦል ማንካይንድ ነው። ግን ሁሉም ሰው ከሱ ይጀምር አልልም። ድራማው በደንብ የሚጣፍጠው እውነተኛውን ታሪክ ትንሽም ቢሆን ለሚያውቅ ነው። መንገዱ የት ጋ እንደታጠፈ ካላወቃችሁ፣ ጸሐፊዎቹ የለፉበት ግማሹ ያልፋችኋል።

ሩሲያዊው ቀድሞ ቢወርድስ?

የፎር ኦል ማንካይንድን የመጀመሪያ ክፍል ያየሁት ከአጎቴ ጋር ነው። አጎቴ ሶቭየት ኅብረት ተምረው የመጡ ሰው ናቸው። ሩሲያኛው እስከ ዛሬ አልጠፋባቸውም። ክፍሉ ሲጀምር ሰው ሁሉ ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጧል። ቡና ቤት ውስጥ ያለውም፣ ቤቱ ያለውም። ጊዜው 1969 ነው። ጥቁርና ነጭ ምስል ይንቀጠቀጣል። ጠፈርተኛው መሰላሉን ይወርዳል። እኔ አርምስትሮንግን እየጠበቅኩ ነው። ድምፁ ሲመጣ ከታች ያለውን ጽሑፍ ለማንበብ ጎንበስ አልኩ። አጎቴ ግን ጽሑፉን አልጠበቁም። ከሶፋው ቀና ብለው «ሩሲያኛ ነው እኮ የሚያወራው!» አሉ። የሊዮኖቭ ስም ሲጠራ ደግሞ ሻያቸውን አስቀመጡና «እሱማ ለዚህ የታጨ ሰው ነበር» አሉ።

እውነታቸውን ነው። አሌክሲ ሊዮኖቭ በማርች 1965 ከመንኮራኩር ወጥቶ በባዶ ጠፈር የተንሳፈፈ የመጀመሪያው ሰው ነው። ሶቭየቶች ጨረቃ ላይ ለማውረድ ካዘጋጇቸው ሰዎችም ግንባር ቀደሙ ነበር። ድራማው ከሜዳ ተነሥቶ ስም አልፈጠረም። ሊሆን ይችል የነበረውን ሰው ወስዶ እንዲሆን አደረገው። ሊዮኖቭ የሞተው በኦክቶበር 2019 ነው። ድራማው መታየት የጀመረው ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ ኖቬምበር 1 ቀን 2019 ነው።

ታሪኩ የታጠፈበት ቦታም በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም። ከድራማው ፈጣሪዎች አንዱ ሮናልድ ሙር እንደተናገረው፣ ልዩነቱ የሚጀምረው ከሰርጌይ ኮሮሊዮቭ ነው። ኮሮሊዮቭ የመጀመሪያዋን ሳተላይት ስፑትኒክንና ጠፈር የወጣውን የመጀመሪያ ሰው የጋጋሪንን በረራ የመራ መሐንዲስ ነው። በሕይወት እያለ ስሙ ምስጢር ነበር። «ዋናው ነዳፊ» ብቻ ነበር የሚባለው። በጃንዋሪ 1966 ቀዶ ሕክምና ላይ እያለ በ59 ዓመቱ ሞተ። በድራማው ዓለም ግን ከቀዶ ሕክምናው ተርፏል። አንድ ሰው ከሆስፒታል አልጋ ስለተነሣ የሁለት ኃያላን አገሮች ታሪክ ሌላ መንገድ ያዘ።

በእውነቱ የሆነውን አስቡት። የሶቭየቶች የጨረቃ ሮኬት ኤን-1 ይባላል። በመጀመሪያው እርከን ብቻ 30 ሞተር ነበረው። አራት ጊዜ ተሞከረ፣ አራቱንም ጊዜ ከሸፈ። ሁለተኛው ሙከራ ጁላይ 3 ቀን 1969 ነበር። ሮኬቱ ትንሽ ከፍ እንዳለ ተመልሶ ማስወንጨፊያው ላይ ወደቀ፤ ቦታውን እንዳልነበር አደረገው። ከ17 ቀን በኋላ የአሜሪካው አፖሎ 11 ጨረቃ ላይ አረፈ። በእኛ ሐምሌ 13 ቀን 1961 መሆኑ ነው። አርምስትሮንግ እግሩን ሲያሳርፍ አዲስ አበባ ላይ ሐምሌ 14 ገብቶ፣ ሊነጋጋ ሲል 12 ሰዓት ገደማ ነበር። የክረምት ጠዋት።

አሁን ወደ ድራማው እንመለስ። እውነተኛው ታሪክ ላይ አሜሪካ አሸነፈችና ቀስ በቀስ ኪሷን ዘጋች። የመጨረሻዎቹ ጠፈርተኞች በዲሴምበር 1972 ከጨረቃ ተመለሱ። በድራማው አሜሪካ ስለተሸነፈች ማቆም አልቻለችም። ሩጫው ይቀጥላል። ገንዘቡም ይቀጥላል። ከዚያ ትንንሽ ነገሮች ተራ በተራ መለወጥ ይጀምራሉ፤ እኔን የያዘኝም ይኼ ነው። ለምሳሌ ሴናተር ኤድዋርድ ኬኔዲ። በእውነቱ በጁላይ 1969 ቻፓኩዊዲክ ደሴት ላይ መኪናው ድልድይ ስቶ ውኃ ውስጥ ገባ። አብራው የነበረች ወጣት ሞተች። የፕሬዚዳንትነት ተስፋው በዚያ ተሰናከለ። በድራማው ሩሲያውያን ጨረቃ ላይ በመውረዳቸው ጣጣ ምክንያት ወደ ደሴቲቱ የሚያደርገውን ጉዞ ይሰርዛል። በዚያች አንዲት ቀን ምክንያት በ1972 ፕሬዚዳንት ይሆናል። ይኼ በዜና መልክ ጣል ተደርጎ የሚያልፍ ነገር ነው። ታሪኩን የማያውቅ ሰው ልብም አይለው።

ሁለተኛው ትልቅ ለውጥ ስለ ሴቶች ነው። በድራማው ሶቭየቶች ቀጥለው ሴት ጨረቃ ላይ ያወርዳሉ። አሜሪካ ትደነግጥና ሴት ጠፈርተኞችን በጥድፊያ ታሠለጥናለች። ከነሱ አንዷ ሞሊ ኮብ ናት። ሞሊ ከእውነተኛ ሰው የተቀዳች ናት። ጄሪ ኮብ የምትባል አብራሪ በ1960 ለወንዶቹ ጠፈርተኞች የተሰጠውን የጤና ምርመራ ወስዳ አልፋለች። እሷን ጨምሮ 13 ሴቶች ፈተናውን አልፈዋል። ምርመራው የተካሄደው በግል ነበር እንጂ በናሳ አልነበረም። በ1962 ጉዳዩ ኮንግረስ ድረስ ሄደ፤ ውጤት ግን አላመጣም። ናሳ ሴቶችን በጠፈርተኛነት የተቀበለው በ1978 ነው። የመጀመሪያዋ አሜሪካዊት ሳሊ ራይድ ወደ ጠፈር የበረረችው በ1983 ነው። ከዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ጠፈርተኛ፣ ሶቭየታዊቷ ቴሬሽኮቫ ከበረረች ድፍን 20 ዓመት ቆይቶ ማለት ነው። ጄሪ ኮብ ጠፈርን ሳታይ በማርች 2019 አረፈች። ሞሊ ኮብ የራስ ቁሯን ስታጠልቅ ባየሁ ቁጥር ይቺ ሴት ትታወሰኛለች። ይህን ድራማ የምወደው ልዩ ውጤት ስላለው አይደለም። ለተነፈጉ ሰዎች ዕድላቸውን መልሶ ስለሰጠ ነው።

እያንዳንዱ ምዕራፍ አሥር ዓመት ያህል ይዘላል። አንደኛው ከ1969 እስከ 1970ዎቹ አጋማሽ፣ ሁለተኛው 1983፣ ሦስተኛው 1990ዎቹ ውስጥ የማርስ እሽቅድምድም፣ አራተኛው 2003። እያንዳንዱ 10 ክፍል አለው፤ አራቱ ሲደመሩ 40። አምስተኛው ምዕራፍ እና «ስታር ሲቲ» የተባለ በሶቭየቶቹ በኩል ያለውን የሚተርክ ሌላ ድራማ እንደሚሠሩ በ2024 ተነግሯል። አጎቴ ያንን ሲሰሙ የተናገሩትን አልጽፈውም። ደስ ብሏቸዋል ማለት ግን ይበቃል።

ከሁሉም ክፍል አብልጬ የማስታውሰው የመጀመሪያው ምዕራፍ 7ኛ ክፍል ነው። ሦስት ጠፈርተኞች ጨረቃ ላይ ባለችው ጠባብ ጣቢያ ታፍገው ይኖራሉ። ጄምስታውን ትባላለች። የሚመለሱበት ቀን ይራዘማል፣ እንደገና ይራዘማል። ያላቸው መዝናኛ የአንድ የቆየ ኮሜዲ ጥቂት ክፍሎች ናቸው። ደጋግመው ያዩታል። ንግግሩን በቃላቸው ይዘውታል። ቴፑ እንቢ ሲላቸው ራሳቸው ይተውኑታል። ሮኬት የለም፣ ፍንዳታ የለም። ሦስት ሰው፣ አንድ ክፍል፣ አንድ ዓይነት ቀልድ። ከቤቱ ርቆ ሄዶ የአገሩን አንድ የድሮ ድራማ በቪዲዮ ደጋግሞ ያየ ሰው ይህ ክፍል የት ጋ እንደሚነካው ያውቃል።

ጉድለቱንም አልደብቅም። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ የጠፈር መንኮራኩሩ «ሸትል» ጨረቃ ድረስ ይሄዳል። እውነተኛው ሸትል ግን ከምድር ብዙም የማይርቅ ምህዋር ላይ እንዲሠራ ብቻ ነው የተነደፈው። ክንፉም ጨረቃ ላይ አየር ስለሌለ አይረባውም። ኢንጂነር የሆነ ጓደኛ ካላችሁ እዚህ ጋ ቴሌቪዥኑን ይጨቀጭቃል። ሌላው የቤት ውስጥ ጣጣ ነው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ዳኒ የሚባል ልጅ አለ። የሱ ነገር ሲጎተት እኔም ትዕግሥቴ አልቋል። ተዋናዮቹን ለማስረጀት የተቀቡት ሜካፕም አንዳንዴ ያታልላል፣ አንዳንዴ አያታልልም። ታናሽ ወንድሜ ያቆመው ግን በዚህ አይደለም። መጀመሪያዎቹ ክፍሎች ቀስ ስለሚሉ ነው። ስብሰባ ይበዛል። ለስብሰባ ትዕግሥት የሌለው ሰው ወደ ኤክስፓንስ ይለፍ።

የሆነውን እንደሆነው

«ፍሮም ዘ ኧርዝ ቱ ዘ ሙን» በ1998 ኤችቢኦ ላይ የታየ ነው። 12 ክፍል ብቻ ነው። ከአዘጋጆቹ አንዱ ቶም ሃንክስ ነው፤ አብዛኞቹን ክፍሎች ብቅ ብሎ ያስተዋውቃል። በዚያው ዓመት የኤሚ ሽልማትን በአጭር ተከታታይ ዘርፍ ወስዷል። ትልቁ ጥቅሙ እያንዳንዱ ክፍል ራሱን የቻለ መሆኑ ነው። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከወር በኋላ ብታዩ ምንም አይጠፋባችሁም። ዋና ገጸ ባሕርይ የለውም። ዋናው ሥራው ነው።

ይህን የሚያሳየው 5ኛው ክፍል ነው። ስለ ጠፈርተኞች ሳይሆን ጨረቃ ላይ የምታርፈውን መንኮራኩር ስለሠሩት መሐንዲሶች ነው። ግራማን የተባለው ድርጅት ኒው ዮርክ አጠገብ ሎንግ አይላንድ ላይ ነው የሠራት። ችግሩ ክብደት ነበር። እያንዳንዷ ኪሎ ነዳጅ ትበላለች። መስኮቱ ትልቅ ሲሆን ይከብዳል። ትንሽ ሲሆን የተቀመጠው አብራሪ መሬቱን አያይም። መፍትሔው ምን ሆነ? ወንበሩን አወጡት። ጠፈርተኞቹ እንደ አውቶቡስ ተሳፋሪ ቆመው ይሂዱ ተባለ። ሲቆሙ ፊታቸው ለመስኮቱ ቀረበ። ሲቀርብ መስኮቱ ማነስ ቻለ። ክብደት የሌለበት ቦታ ላይ መቆም ማንንም አያደክምም። ይህን ክፍል ለአንድ የምህንድስና ተማሪ አሳይቼው ወዲያው ደግሞ አየው።

7ኛውም ይጣፍጣል። የአፖሎ 12 ታሪክ ነው፤ የሚተረከው በጠፈርተኛው በአለን ቢን አንደበት ነው። ሮኬቱ በተነሣ በመጀመሪያው ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ መብረቅ መታው። የማስጠንቀቂያው መብራት ሁሉ አንዴ በራ። ሂዩስተን ሆነው በረራውን ከምድር የሚቆጣጠሩት የሚደርሳቸው ቁጥር ሁሉ የተዘበራረቀ ሆነ። ጆን አሮን የሚባል የ26 ዓመት ልጅ ግን ይኼንኑ ዓይነት ዝብርቅርቅ ከአንድ ዓመት በፊት በልምምድ ላይ አይቶት ነበር። አንዲት ስዊች አዙሩ አለ። አብዛኛው ሰው ስዊቿን አያውቃትም። ቢን ያውቃታል። አዞራት፣ ቁጥሩ ተመለሰ፣ ጉዞው ቀጠለ። እውነተኛ ታሪክ ነው፤ የተጨመረበት ነገር አያስፈልገውም።

የሚጎድለው ደግሞ አለ። ድራማው አፖሎን አብዝቶ ያከብራል። ሴቶቹ በአብዛኛው ሚስቶች ናቸው፤ አንድ ሙሉ ክፍልም ለነሱ ተሰጥቷል። በሩ ላይ የተመለሱት እነ ጄሪ ኮብ ግን የሉበትም። የአፖሎ ሮኬት አባት የሆነው የጀርመናዊው የቨርነር ፎን ብራውን ጦስም በቅጡ አልተነካም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሱ ቪ-2 ሮኬቶች የተገጣጠሙት በማጎሪያ ካምፕ እስረኞች ጉልበት ነው፤ በሺዎች የሚቆጠሩት አልቀዋል። የሚገርመው፣ ይህን ፊት ለፊት የሚያነሣው የተፈበረከው ድራማ ነው። ፎር ኦል ማንካይንድ ሁለተኛው ክፍል ላይ ሰውየውን ጥያቄ ፊት ያቆመዋል።

ስለ «ዘ ራይት ስታፍ» ብዙ የምለው የለኝም። በ2020 ዲዝኒ ፕላስ ላይ ወጣ። በ1959 ስለተመረጡት የመጀመሪያዎቹ ሰባት የአሜሪካ ጠፈርተኞች ነው። 8 ክፍል ሄዶ ቆመ፤ ሁለተኛ ምዕራፍ አልተሠራለትም። ዲዝኒ በ2023 ከመድረኩ ካነሣቸው ሥራዎችም አንዱ ነው፤ ስለዚህ ለማግኘት መፈለግ አለባችሁ። በጆን ግሌንና በአለን ሼፐርድ መካከል ያለው ፉክክር ጥሩ ተሠርቷል። ግን በዚሁ ርዕስ በ1983 የተሠራ ሦስት ሰዓት ያህል የሚፈጅ ፊልም አለ። ጊዜ የሌለው ሰው ፊልሙን ይይ። እኔ ብሆን ፊልሙን ነው የምመርጠው።

ሮኬቱ ቶሎ ይነሣልኝ ለሚል

«ዘ ኤክስፓንስ» ከ2015 እስከ 2022 የታየ ነው። 6 ምዕራፍ፣ 62 ክፍል። ዘመኑ ሁለትና ሦስት መቶ ዓመት ወደፊት ነው። ምድር አንድ መንግሥት ሆናለች። ማርስ የራሷን መንግሥትና ጦር መሥርታለች። ከማርስ ወዲያ አስትሮይድ በሚባሉት ተንሳፋፊ ዐለቶች ላይ የሚኖሩት ደግሞ ማዕድን ቆፋሪዎችና በረዶ ጫኞች ናቸው። ውኃውም አየሩም በሒሳብ ነው። ሁለቱ ትልልቆች በነሱ ላብ ይኖራሉ። የመጀመሪያው ክፍል ላይ አንድ በረዶ የምትጭን መርከብ የድረሱልኝ ጥሪ ትሰማለች። ሁሉ ነገር ከዚያ ይነሣል።

እዚህ ድራማ ላይ ፊዚክሱ ይከበራል። መርከቦቹ ግማሽ መንገድ ሲደርሱ ዞረው ጀርባቸውን ይሰጣሉ፤ ሞተሩን ወደፊት አድርገው ፍሬን ይይዛሉ። ጠፈር ላይ ሌላ መቆሚያ የለማ! አስትሮይድ ላይ ተወልደው ያደጉት ሰዎች አካላቸው ረጅምና ቀጭን ነው፤ የስበት ኃይል አላገኛቸውም። የራሳቸው ቋንቋም አላቸው። የቋንቋ ባለሙያ ተቀጥሮ ነው የሠራላቸው። ሲያወሩ እጃቸውን በሰፊው ያወናጭፋሉ። ምክንያቱን ሳውቅ በጣም ነው ደስ ያለኝ፦ የጠፈር ልብስ ውስጥ ሆነህ ራስህን ብትነቀንቅ ማንም አያይህም። ስለዚህ «አዎ» እና «አይ» በእጅ ሆነ።

ሲፋይ ቻናል በ2018 ከሦስት ምዕራፍ በኋላ አቆመው። ተመልካቾች እሺ አላሉም። ገንዘብ አዋጥተው አማዞን ስቱዲዮ ሰማይ ላይ መፈክር የሚጎትት አውሮፕላን አበረሩ። አማዞን ወሰደውና ሦስት ምዕራፍ ጨመረ። ድራማው የተነሣባቸው መጻሕፍት ዘጠኝ ናቸው፤ ድራማው ስድስተኛው ላይ ነው የሚያበቃው። የሚንጠለጠል ነገር ይቀራል፣ ግን አያስቆጭም።

ከፎር ኦል ማንካይንድ ጋር ሳነጻጽረው አንድ ነገር ይታየኛል። የፎር ኦል ማንካይንድ አራተኛ ምዕራፍ ላይ ማርስ ላይ የሚሠሩ ሠራተኞች አሉ። ከታች ጠባብ ክፍል ውስጥ ይተኛሉ። የተነገራቸው ደመወዝና የሚደርሳቸው አይገናኝም። ከላይ ያሉት የተሻለ ይበላሉ። ሠራተኞቹ አድማ ያነሣሉ። ሁለቱን ድራማ በተከታታይ ስታዩ፣ የኤክስፓንስ ቆፋሪዎች የነዚህ ሰዎች የልጅ ልጆች ይመስሏችኋል። ዓረብ አገር ሄዶ የሠራ ወይም የላከ ዘመድ ያለው አበሻ ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

አፖሎ 15ን ሁለት ጊዜ እዩ

ከማንም ያልሰማሁት የራሴ ዘዴ ይኼ ነው። የፎር ኦል ማንካይንድን የመጀመሪያ አራት ክፍሎች እዩና አቁሙ። ከዚያ የፍሮም ዘ ኧርዝ ቱ ዘ ሙንን 10ኛ ክፍል ክፈቱ። ቀጥላችሁ ወደ መጀመሪያው ተመለሱና 5ኛውን ክፍል እዩ። ሁለቱም ስለ አፖሎ 15 ናቸው።

በእውነተኛው፣ በ1971፣ አብራሪዎቹ ስለ ድንጋይ ምንም የማያውቁ ሰዎች ነበሩ። አንድ የጂኦሎጂ መምህር በረሃ ይዟቸው እየሄደ ድንጋይ ማየት አስተማራቸው። ማንሣት አይደለም፤ ማየት። ዴቭ ስኮትና ጂም አርዊን በኋላ ጨረቃ ላይ አንድ ነጣ ያለ ድንጋይ ከሌሎቹ ለይተው አነሡ። ዕድሜው ከ4 ቢሊዮን ዓመት በላይ ነው። ስኮት ሊመለስ ሲል መዶሻና ላባ እኩል ለቀቀ። እኩል ወረዱ። ከባዱም ቀላሉም እኩል ይወድቃል ያለው ጋሊሊዮ ትክክል ነበር።

በተፈበረከው ደግሞ ያው አፖሎ 15 ሌላ ሠራተኛ ይዞ ወደ ደቡብ ዋልታ፣ ወደ ሻክልተን ጉድጓድ ይሄዳል። ሞሊ ኮብ በገመድ ታስራ ፀሐይ ነክቶት ወደማያውቅ ጨለማ ትወርዳለች። ከላይ ገመዱን የሚለቀው የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ ኤድ ባልድዊን ነው። የምትፈልገው በረዶ ነው። በረዶ ካለ ውኃ አለ፤ ውኃ ካለ ሰው መኖር ይችላል። ጨረቃ ዋልታ አካባቢ የውኃ በረዶ መኖሩን በእውነቱ ናሳ ያረጋገጠው በ2009 ነው፤ ሆን ብሎ የሮኬት ቅሪት ጉድጓድ ውስጥ ጥሎ የተነሣውን ብናኝ በመመርመር።

በነዚህ ሁለት ክፍሎች ራሳችሁን ታውቃላችሁ። ድንጋዩ ጋ ልባችሁ ከመታ፣ እውነተኛውን ድራማ እስከ መጨረሻው ቀጥሉ። ገመዱ ጋ ትንፋሻችሁ ከተያዘ፣ ፎር ኦል ማንካይንድ የእናንተ ነው። እኔ ሁለቱም ጋ ነው የሆንኩት።

ጊዜ፣ ቤተሰብ፣ ቋንቋ

ሰዓቱን አስሉት። ፍሮም ዘ ኧርዝ ቱ ዘ ሙን 12 ሰዓት ገደማ ነው፤ ቅዳሜና እሑድን ለሁለት ሳምንት ከሰጣችሁት ያልቃል። የፎር ኦል ማንካይንድ አራት ምዕራፎች 40 ሰዓት ያህል ይፈጃሉ። ኤክስፓንስ ከዚያም ይበልጣል። የሚገኙበት መድረክም የተለያየ ነው፦ አፕል ቲቪ፣ ኤችቢኦ፣ ፕራይም ቪዲዮ። ለሁሉም በአንድ ጊዜ መክፈል ገንዘብ ማባከን ነው። የአንዱን ወር ክፈሉ፣ ጨርሱ፣ ዝጉ፣ ወደ ሌላው እለፉ። በሞባይል ዳታ የምታዩ ከሆነ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ቀድማችሁ አውርዱት። መሐል ላይ መቆራረጥ ይህን ዓይነት ድራማ ይገድለዋል።

ከልጆችና ከወላጆች ጋር ለማየት ከአራቱ የሚሻለው ፍሮም ዘ ኧርዝ ቱ ዘ ሙን ነው። የአፖሎ 1 ቃጠሎን የሚያሳየው ሁለተኛው ክፍል ከባድ ነው፤ ለትንንሾች ዝለሉት። ፎር ኦል ማንካይንድ ስድብም የአልጋ ትዕይንትም አለው። ከእናቴ ጋር አንድ ክፍል ከፍቼ ሪሞቱን ስፈልግ ኖሬአለሁ። ኤክስፓንስ ላይ ደም ይበዛል። ክሪስጀን አቫሳራላ የምትባል ፖለቲከኛ አያት አለች፤ አፏ አይጣል ነው። ከገጸ ባሕርያቱ ሁሉ የምወዳት ግን እሷን ነው።

እንግሊዝኛውን በተመለከተ፣ የግርጌ ጽሑፉን አብሩት። አሳፋሪ ነገር የለውም። ሂዩስተን ላይ የሚወራው ግማሹ ምህጻረ ቃል ነው፤ አፉን በእንግሊዝኛ የፈታም ይደናገራል። ኤክስፓንስ ላይማ የግድ ነው።

ለባልደረባዬ በመጨረሻ ያልኳት ፍሮም ዘ ኧርዝ ቱ ዘ ሙንን ነው፤ ከ5ኛው ክፍል ጀምሪ አልኳት። ለወንድሜ ኤክስፓንስን ሰጠሁት፤ አራተኛው ክፍል ላይ ትልቅ የመርከብ ውጊያ አለና እስከዚያ ታገሥ ብዬዋለሁ። አጎቴ ፎር ኦል ማንካይንድ ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ናቸው። ሩሲያኛ በተነገረ ቁጥር የግርጌ ጽሑፉን ያርማሉ።

ፎር ኦል ማንካይንድን ለመረጣችሁ አንድ የመጨረሻ ነገር። የመጀመሪያው ምዕራፍ 10ኛ ክፍል ሲያልቅ የሠሪዎቹ ስም መውረድ ይጀምራል። አትዝጉት። ስሙ ወርዶ ካለቀ በኋላ አንድ ትዕይንት አለ። ቦታው ባሕር ነው፣ ዘመኑ 1983 ነው። ድምፁን ከፍ አድርጉና ጠብቁ።